ክሎክን ከዳታ ጋር ማስማማት፦ በፈጣን የዳታ ሰርኪዩቶች ላይ የታይሚንግ ካሊብሬሽን

ክዳኑ ተከፍቶ ጠረጴዛ ላይ ሲውል ያለ እንከን የሚሠራ፣ ሣጥኑ ተገጥሞ ግማሽ ሰዓት ሲሞቅ ግን በየደቂቃው አንድ ሁለት ቢት የሚስት ቦርድ ነበረኝ። ከአናሎግ ወደ ዲጂታል የሚቀይረው ቺፕ ዳታውን በኤልቪዲኤስ (በሽቦ ጥንድ በሚሄድ ፈጣን ሲግናል) ወደ ኤፍፒጂኤ (ውስጡ በፕሮግራም ወደሚዋቀር ቺፕ) ይልካል፤ የእያንዳንዱ ሌን፣ ማለትም የዳታ መስመር፣ ፍጥነት 800 ሜጋቢት በሰከንድ ነው። ሶፍትዌሩን ጠረጠርኩ፣ ፓወር ሰፕላዩን ጠረጠርኩ፣ ማገናኛውን ነቅዬ መልሼ ሰካሁ። ጥፋቱ ግን የራሴ ነበር። የማዘግያውን ታፕ (ዳታውን በትንሽ በትንሹ የሚያዘገየውን እርምጃ) ከ0 እየጨመርኩ መጥቼ፣ ትክክለኛ ዳታ ባየሁበት የመጀመሪያ ቁጥር ላይ አቁሜ “ሠራ” ብዬ ዘግቼው ነበር። ቁጥሩ 3 ነው። በእርግጥም ይሠራል፤ የሚሠራው ግን አፋፍ ላይ ቆሞ ነው።

ከዚያ ወዲህ ካሊብሬሽን ስል የሚሠራ ነጥብ ፍለጋ ማለቴ አይደለም። የሚሠራውን መስኮት ከግራ ጠርዙ እስከ ቀኝ ጠርዙ መለካት፣ ስፋቱን መጻፍ፣ ከዚያ መሃሉ ላይ መቆም ነው። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል የተሠራው በዚህ ሐሳብ ዙሪያ ነው። ያንኑ 800 ሜጋቢት ሌን እንደ ምሳሌ ይዤ እሄዳለሁ፤ በኋላ ደግሞ ወደ ዲዲአር3 ሜሞሪ፣ ወደ አርጂኤምአይአይ (የኢተርኔት ቺፕንና ፕሮሰሰርን የሚያገናኘው መስመር) እና ክሎኩ ከዳታው ውስጥ ወደሚወጣባቸው ሊንኮች እሻገራለሁ።

1. መጀመሪያ ሒሳቡ

ኦሲሎስኮፕ ሳትከፍቱ አንድ ወረቀት ያዙ። በ800 ሜጋቢት አንድ ቢት የሚቆየው 1250 ፒኮሰከንድ ነው። ክሎኩ በሁለቱም ጠርዞቹ ዳታ የሚያስይዝ ስለሆነ ድግግሞሹ 400 ሜጋኸርዝ ይሆናል። ከ1250 ፒኮሰከንድ ላይ የሚቀነሰውን ከዳታሺቱ እየለቀማችሁ ቀንሱ። ለምሳሌ ያህል፣ ተቀባዩ ለሴትአፕ እና ለሆልድ (ዳታው ከክሎኩ ጠርዝ በፊትና በኋላ ሳይለወጥ መቆየት ላለበት ጊዜ) በድምሩ 450 ይፈልግ፤ ላኪው በክሎኩና በዳታው መካከል ያለው እርግጠኛ ያልሆነ ልዩነት 250 ይሁን፤ ለጅተር (ጠርዙ በጊዜ ወዲያና ወዲህ ለሚወዛወዘው) 150፣ ለቦርዱ መስመሮች ርዝመት አለመመጣጠን 50 እንበል። ድምሩ 900 ነው። የተረፈው 350 ሲሆን በግራና በቀኝ 175፣ 175 ይደርሳል።

አሁን የማዘግያችሁን እርምጃ ተመልከቱ። በብዙ የዛይሊንክስ 7 ሲሪስ ኤፍፒጂኤ ዲዛይኖች ላይ ማዘግያው 32 ታፕ አለው፤ የማጣቀሻ ክሎኩ 200 ሜጋኸርዝ ሲሆን አንዱ ታፕ 78 ፒኮሰከንድ ግድም ነው። 300 ሜጋኸርዝ ከሰጣችሁት ደግሞ ወደ 52 ይወርዳል። ስለዚህ በ78ቱ ስንሄድ አንድ ቢት ልክ 16 ታፕ፣ በእያንዳንዱ ወገን የቀረን ህዳግ ደግሞ ከ2 ታፕ ትንሽ የሚበልጥ ነው። ይህች “16” የምትባል ቁጥር በኋላ ትጠቅመናለች፤ ያዙልኝ።

ህዳጉ ከአንድ ታፕ ካነሰ ካሊብሬሽን አያድናችሁም። ፍጥነቱን ቀንሱ ወይም ቦርዱን እንደገና ሥሩ። በሶፍትዌር ላድነው ብሎ ሳምንት ማባከን ውሃ መውቀጥ ነው።

2. መለኪያውን ራሱን መለካት

ፕሮብ የሚያሳየው ሁልጊዜ ቦርዱ ላይ ያለውን አይደለም። ከፕሮቡ ጋር የሚመጣውን 10 ሴንቲሜትር የግራውንድ ሽቦ አስቡ፦ በግምት 100 ናኖሄንሪ ኢንዳክታንስ አለው። ፕሮቡ 10 ፒኮፋራድ ካለው ሁለቱ ተደምረው 160 ሜጋኸርዝ አካባቢ ይደውላሉ። ማለት 400 ሜጋኸርዝ ክሎክ ላይ ስታደርጉት የምታዩት መወዛወዝ የሰርኪዩቱ ሳይሆን የሽቦው ነው። እኔ በዚህ ሽቦ ምክንያት ጤነኛ መስመር ላይ የተርሚኔሽን ሬዚስተር (ሲግናሉ እንዳይንጸባረቅ መስመሩ መጨረሻ ላይ የሚገጠመውን) ስቀያይር ሁለት ቀን ሄዶብኛል። አጭሩን የስፕሪንግ ግራውንድ ተጠቀሙ፤ ለኤልቪዲኤስ ደግሞ ዲፈረንሻል ፕሮብ ይኑራችሁ።

ባንድዊድዙስ? የ400 ሜጋኸርዝ ስኩዌር ሞገድ ሦስተኛው ሃርሞኒክ 1.2 ጊጋኸርዝ፣ አምስተኛው 2 ጊጋኸርዝ ነው። ጠርዙ የት እንዳለ በትክክል ማየት የሚፈልግ ሰው ወደ ሁለተኛው ይጠጋል።

ከሁሉ በላይ የሚዘለለው የፕሮቦች ስኪው፣ ማለትም በመካከላቸው ያለው የመዘግየት ልዩነት፣ ነው። አንዱን ፕሮብ ክሎክ ላይ፣ ሌላውን ዳታ ላይ አድርጋችሁ ልዩነት ከመለካታችሁ በፊት ሁለቱንም አንድ ነጥብ ላይ ግጠሙ። ኦሲሎስኮፑ ላይ ሁለቱ ሞገዶች እስኪደራረቡ በዴስኪው ማስተካከያው አስማሟቸው። ኮአክሲያል ኬብል በሚሊሜትር 5 ፒኮሰከንድ ያህል ያዘገያል፤ ሁለት ኬብሎች በ5 ሴንቲሜትር ከተበላለጡ 250 ፒኮሰከንድ፣ ማለትም ከ3 ታፕ በላይ የውሸት ስኪው ፈጠራችሁ ማለት ነው።

3. ክሎኩ ንጹሕ ነው ወይ?

ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ይባላል። የክሎኩ ምንጭ ቆሻሻ ከሆነ የምትለኩት መስኮት ሁሉ ከወዲሁ ጠብቧል።

ክሎኩን ተቀባዩ ቺፕ አጠገብ፣ ከተርሚኔሽኑ ወዲህ ለኩ። ለኤልቪዲኤስ ተርሚኔሽኑ 100 ኦም ነው። ውጪያዊ ሬዚስተርም ገጥማችሁ የኤፍፒጂኤውንም ውስጣዊ ተርሚኔሽን ከከፈታችሁ ግን 50 ኦም ሆኗል፤ ሲግናሉም በግማሽ ያህል ይወርዳል። ይህ ስህተት ከሚገባው በላይ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል፤ ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ቦርዱን የሣለውና ኤፍፒጂኤውን የጻፈው ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው።

ከዚያ ጅተሩን እዩ። ላኪው ክሎኩን አብሮ በሚልክበት አሠራር ዋናው ጥያቄ ክሎኩ ብቻውን ምን ያህል ይወዛወዛል የሚለው አይደለም፤ ዳታው አብሮት ይወዛወዛል ወይ የሚለው ነው። ሁለቱ እኩል ወደ ግራ ከሄዱ ናሙናው አይጎዳም። ስለዚህ ኦሲሎስኮፑን በራሱ በክሎኩ ትሪገር አድርጋችሁ የዳታውን ጠርዝ ስርጭት ተመልከቱ። ስርጭቱ ሁለት ጉብታ ካለው አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ከዲውቲ ሳይክል መዛባት (የክሎኩ የላይና የታች ጊዜ አለመመጣጠን) ወይም ከጎረቤት መስመር ከሚመጣ ክሮስቶክ ነው። አንድ ለስላሳ ጉብታ ከሆነ ግን በዘፈቀደ የሚመጣ ጅተር ስለሆነ ጠርዝ የለውም፤ ረዘም ላለ ጊዜ በቆያችሁ ቁጥር እየሰፋ ይሄዳል።

የኦሲሌተሩን ፓወር ሰፕላይ አትርሱ። ከስዊቺንግ ሬጉሌተር በቀጥታ የሚጠጣ ኦሲሌተር የሬጉሌተሩን ድግግሞሽ ጅተር አድርጎ ያስተላልፋል። እዚህ ላይ የፌራይት ቢድና ካፓሲተር፣ ወይም ትንሽ ሊኒየር ሬጉሌተር፣ ከየትኛውም የታፕ ማስተካከያ በላይ ይሠራል።

4. የማሠልጠኛ ፓተርን መምረጥ

ላኪውን ወደ ቴስት ፓተርን ሁነታ አስገቡት። አብዛኞቹ ቀያሪ ቺፖች በሪጅስተር የሚከፈት ፓተርን አላቸው። ምርጫው ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል።

1 0 1 0 እየተፈራረቀ የሚሄደው ፓተርን ለጠርዝ ፍለጋ ይማርካል፤ ሽግግሩ በየቢቱ ነውና። ሁለት ጉድለት ግን አለው። አንደኛ፣ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ስለሆነ የቀደሙት ቢቶች በቀጣዩ ላይ የሚያሳድሩትን ጫና አያሳይም፤ መስኮቱን ከእውነቱ አስፍቶ ያሳያችኋል። ሁለተኛ፣ 8 ቢት ላይ ስታሽከረክሩት የሚሰጣችሁ የተለያየ መልክ 2 ብቻ ነው፤ የቃሉ፣ ማለትም የ8 ቢቱ ስብስብ፣ መጀመሪያ የት እንደሆነ በፍጹም አይነግራችሁም። 11001100 አራት መልክ አለው። 11110000 ስምንቱም የተለያዩ ናቸው፤ ለቃል ማሰለፊያ እሱን ያዙ። ለመስኮት ልኬት ደግሞ ቺፑ ካለው ከፒአርቢኤስ (በዘፈቀደ የመጣ ከሚመስል የቢት ቅደም ተከተል) የተሻለ የለም።

5. መጥረግ፦ የሥራው ልብ

ከመጥረጋችሁ በፊት አንድ ነገር አረጋግጡ፦ የማዘግያው ተቆጣጣሪ የማጣቀሻ ክሎኩ ከተረጋጋ በኋላ ሪሴት ተደርጎ “ዝግጁ” የሚለውን ምልክት ሰጥቷል ወይ? ይህን የዘለለ ዲዛይንም ዳታ ያሳልፋል፤ የታፖቹ ርዝመት ግን በሙቀትና በቮልቴጅ እንደፈለገ ይሳባል፤ የለካችሁትም ሁሉ ለዚያች ሰዓት ብቻ ይሆናል።

አሁን ለአንድ ሌን እንዲህ አድርጉ። ታፑን 0 ላይ አድርጉ። ጥቂት የክሎክ ዑደቶች ጠብቁ፤ ታፕ በሚቀየርበት ቅጽበት የሚመጣ ዳታ አይታመንም። የስህተት ቆጣሪውን ዜሮ አድርጉ፣ የተወሰነ ቢት ቁጠሩ፣ ውጤቱን ጻፉ፣ ወደ ቀጣዩ ታፕ እለፉ። እስከ 31 ድረስ። መሃል ላይ ጥሩ ስላገኛችሁ እንዳታቆሙ።

ስንት ቢት ይቆጠር? አንድ ሺህ ቃል አይበቃም። ጠርዙ አካባቢ ስህተቱ ከሚሊዮን አንዴ ሊሆን ይችላል፤ በአጭር ልኬት “ደህና” ብሎ ያልፋችኋል። በ800 ሜጋቢት አንድ ቢሊዮን ቢት የሚፈጀው 1.25 ሰከንድ ነው። 32ቱን ታፕ ብታዳርሱ 40 ሰከንድ። በላብራቶሪ ይህን ያህል ጊዜ መስጠት ምንም አይደለም። በየቡቱ ለሚደረገው ፈጣን ጠረጋ ግን ወደ ሚሊዮን ብታወርዱት፣ ጠርዙን በሁለቱም ወገን አንድ ታፕ ወደ ውስጥ እንደገፋ ቁጠሩት።

የዚያ ቦርዴ የአንደኛው ሌን ውጤት ይህን ይመስል ነበር፦

ታፕ 0 – 2፦ ስህተት
ታፕ 3 – 13፦ ደህና
ታፕ 14 – 18፦ ስህተት
ታፕ 19 – 29፦ ደህና
ታፕ 30 – 31፦ ስህተት

እስቲ እናንብበው። የመጀመሪያው መስኮት ከ3 ተነሥቶ ሁለተኛው ከ19 ተነሥቷል። ልዩነቱ 16 ነው፤ ወረቀቱ ላይ ያሰላነው የአንድ ቢት ርዝመት። ይህ ቁጥር ከ16 ርቆ ቢገኝ ወይ የማጣቀሻ ክሎኩ የተሳሳተ ነው፣ ወይ ፍጥነቱ ያሰባችሁት አይደለም። አንዲትም ተጨማሪ መሣሪያ ሳትነኩ ያገኛችሁት ማረጋገጫ ነው።

መስኮቱ 11 ታፕ፣ ማለትም 859 ፒኮሰከንድ ነው። የሚበላሸው ክልል 5 ታፕ፣ 391 ፒኮሰከንድ። ወረቀቱ ግን 900 ይበላሻል ብሎ ነበር! ሁለቱ አይጣሉም። ዳታሺቱ የሚናገረው ፋብሪካው ስለሚያወጣው መጥፎው ቺፕ፣ በመጥፎው ሙቀትና በመጥፎው ቮልቴጅ ነው፤ እናንተ የለካችሁት አንድ ቺፕ በክፍል ሙቀት ነው። ልዩነቱን እንደ ትርፍ ቆጥራችሁ እንዳትበሉት።

ጠርዞቹም ትርጉም አላቸው። ዳታውን ባዘገየን ቁጥር የናሙናው ቅጽበት በቢቱ ውስጥ ወደ መጀመሪያው እየተጠጋ ይሄዳል። ስለዚህ በታፕ 3 ላይ ያለው የግራ ጠርዝ የሆልድ ወሰን ነው፤ ናሙናው የሚወሰደው ቢቱ ሊያልቅ ሲል ነው። በታፕ 13 ላይ ያለው የቀኝ ጠርዝ የሴትአፕ ወሰን ነው። ሣጥኑ ሲሞቅ በኤፍፒጂኤው ውስጥ ያለው የክሎክ መንገድ ዘገየ፤ ናሙናውም ወደ ኋላ ተንሸራተተ፤ መጀመሪያ የተነካውም በትክክል እኔ የቆምኩበት የግራ ጠርዝ ነበር። መሃሉ 8 ነው። 8 ላይ ብቆም ኖሮ በሁለቱም ወገን 5 ታፕ፣ 390 ፒኮሰከንድ ይኖረኝ ነበር።

ሁለት መስኮት ሲገኝ የትኛው ይመረጥ? የመጀመሪያው። ማዘግያው ራሱ ታፕ በጨመረ ቁጥር ትንሽ ጅተር ይጨምራል፤ ያለ ምክንያት ረጅም መንገድ አትሂዱ። በሁለተኛው መስኮት የሚያዘው አንድ ቢት ወደ ኋላ የቀረው መሆኑንም አስተውሉ። ቆጣሪያችሁ አንድን ቃል ብቻ ትክክል ብሎ የሚያውቅ ከሆነ ሁለተኛውን መስኮት ሙሉ በሙሉ “ስህተት” ይለዋል፤ ከ16 ጋር የማስተያየቱን ዕድልም ታጣላችሁ። በጠረጋ ጊዜ የተሽከረከሩትን መልኮች ሁሉ ተቀበሉ፤ ማሰለፍ በኋላ ይመጣል።

የመስኮቱ ስፋት ተጋማሽ ቁጥር ሆኖ መሃሉ በሁለት ታፕ መካከል ቢወድቅስ? ለምሳሌ ከ7 እስከ 16 ቢሆን መሃሉ 11.5 ነው። ቦርዱ ሲሞቅ የሚጎዳው የግራ ጠርዝ መሆኑን በልኬት ካወቃችሁ 12ን ውሰዱ። ካላወቃችሁ አትጨነቁ፤ ግማሽ ታፕ አያጣላም።

6. ሌኖቹን እርስ በርስ ማየት

ሁሉንም ሌን ለየብቻ ጥረጉ፤ አንዱ ላይ ያገኛችሁትን ቁጥር ለሁሉም አታድሉ። ከጨረሳችሁ በኋላ መሃሎቹን ጎን ለጎን ደርድሩ። በኤፍአር4 ቦርድ ላይ ሲግናል በሚሊሜትር ከ6 እስከ 7 ፒኮሰከንድ ይፈጅበታል፤ አንድ ታፕ ወደ 12 ሚሊሜትር መስመር ነው። የሁለት ሌን መሃል በ1 ታፕ ቢለያይ የተለመደ ነው። በ5 ከተለያየ ወደ 6 ሴንቲሜትር የሚጠጋ የርዝመት ልዩነት ማለት ነው፤ የቦርዱን ሥዕል የሣለው ሰው በሚሊሜትር አመጣጥኛለሁ ካላችሁ ነገሩ ሌላ ነው። የአንድ ወገን ካፓሲተር ወይም ብየዳ ተለቋል፣ ወይም ከጥንዱ አንዱ እግር ብቻ እየሠራ ነው። የመስኮቱ ስፋት ይነግራችኋል፦ መሃሉ ሸሽቶ ስፋቱ ጤነኛ ከሆነ የርዝመት ጉዳይ ነው፤ መሃሉም ሸሽቶ ስፋቱም ከጠበበ ሲግናሉ ራሱ ታሟል።

7. ቃሉን ማሰለፍ

ቢቶቹ በትክክል መጡ ማለት ቃሉ በትክክል ተቆረጠ ማለት አይደለም። 11110000 ልካችሁ 11100001 ከመጣ አንድ ቢት ተንሸራቷል። ቢትስሊፕን (የቃሉን መቁረጫ በቢት የሚያንሸራትተውን ትእዛዝ) አንድ ጊዜ ምቱ፣ ጥቂት ዑደት ጠብቁ፣ አወዳድሩ፣ እስኪገጥም ድገሙ። ሳይጠብቁ አከታትሎ መምታት ያው የታወቀ ወጥመድ ነው፤ አንዱ ሳይታይ ሌላው ይደርስና የሚገጥመውን ዘላችሁት ታልፋላችሁ። በአንዳንድ ቺፖች፣ ለምሳሌ በ7 ሲሪሱ በሁለት ጠርዝ ሁነታ፣ ቢትስሊፕ በየተራ አንድ ቢት ወደ ቀኝና ሦስት ቢት ወደ ግራ ያንሸራትታል። “አንድ መታሁ፣ አንድ ይንሸራተት” ብላችሁ በቁጥር አታስሉት፤ እስኪገጥም ምቱ፣ ከስምንት ሙከራ በኋላ ካልገጠመ ተስፋ ቁረጡና ወደ ጠረጋው ተመለሱ።

8. ዲዲአር3 ላይ ያለው ልዩነት

በዲዲአር3 አብዛኛውን ሥራ ኮንትሮለሩ በራሱ ይሠራዋል፤ ሲወድቅ የት እንደወደቀ ለማወቅ ግን ቅደም ተከተሉን ማወቅ ግድ ነው።

መጀመሪያ የዜድኪው ካሊብሬሽን አለ። እያንዳንዱ ሜሞሪ ቺፕ ከውጭ የተገጠመለትን 1 ከመቶ ትክክለኝነት ያለውን 240 ኦም ሬዚስተር እያየ የራሱን የውጤት ጉልበትና ተርሚኔሽን ያስተካክላል። በመነሻው 512 የክሎክ ዑደት ይፈጃል፤ በሥራ መሃል የሚደረገው አጭሩ 64 ነው። ገንዘብ ለመቆጠብ በ5 ከመቶ ሬዚስተር የተተካበት ቦርድ አይቻለሁ፤ ታይሚንጉ ላይ ያለ ችግር መስሎ ብዙ ያደክማል።

ቀጥሎ የጽሕፈት ማስተካከያው ይመጣል። በዲዲአር3 ክሎኩ ቺፖቹን እየነካ በተራ ያልፋል፤ የመጨረሻው ቺፕ ጋ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው። የዳታ ስትሮቡ (ዳታው የሚያዝበትን ቅጽበት የሚነግረው ሲግናል) ግን ለእያንዳንዱ ቺፕ በቀጥታ ይሄዳል። ሁለቱ ከክሎክ ዑደቱ ሩብ ባልራቀ ልዩነት መገናኘት አለባቸው። ስለዚህ ቺፑ ወደ ልዩ ሁነታ ይገባና በስትሮቡ ወጪ ጠርዝ ክሎኩን ናሙና ወስዶ ያየውን በዳታ መስመሩ ይመልሳል። ኮንትሮለሩ ስትሮቡን እያዘገየ 0 የነበረው 1 የሚሆንበትን ቦታ ይፈልጋል። ወጥመዱ ጠርዙ ላይ ነው፦ በጅተር ምክንያት 0፣ 1፣ 0፣ 1፣ 1 ሊመጣ ይችላል። ራሳችሁ የምትጽፉት ከሆነ የመጀመሪያውን 1 አትመኑ። በተከታታይ ጥቂት ጊዜ 0 ካያችሁ በኋላ በተከታታይ ጥቂት ጊዜ 1 የሚመጣበትን ያዙ።

በንባብ ጊዜ ስትሮቡ ከዳታው ጠርዝ ጋር እኩል ይመጣል፤ በጽሕፈት ጊዜ ግን መሃሉ ላይ መድረስ አለበት። ስለዚህ በንባብ ኮንትሮለሩ ስትሮቡን ሩብ ዑደት ማዘግየት አለበት። በዲዲአር3 1600 ዑደቱ 1250 ፒኮሰከንድ፣ አንዱ ቢት 625 ነው። መጥረጉ ከላይ ካየነው ጋር አንድ ነው፤ ቦታው ብቻ ጠቧል።

9. አርጂኤምአይአይ፦ ሊንኩ በርቶ ፓኬት የማያልፍበት

ጊጋቢት ኢተርኔት ላይ የሠራ ሁሉ አንድ ቀን ይህን ያያል። መብራቱ በርቷል፣ ሊንኩ 1000 ይላል፣ ፒንግ ግን አይመለስም። ወደ 100 ስታወርዱት ወዲያው ይሠራል።

ሊንኩ የሚበራው በኬብሉ ወዲህና ወዲያ ያሉት ፋይ ቺፖች (ከኬብሉ ጋር የሚነጋገሩት) ስለተስማሙ ነው፤ በፋይ ቺፑና በፕሮሰሰሩ መካከል ያለው አርጂኤምአይአይ በዚህ ስምምነት ውስጥ የለበትም። በ1000 ፍጥነት ክሎኩ 125 ሜጋኸርዝ፣ አንዱ ቢት 4 ናኖሰከንድ ነው። ላኪው ክሎኩንና ዳታውን እኩል ጠርዝ ላይ ከለቀቃቸው መንገድ ላይ አንድ ቦታ ክሎኩ 2 ናኖሰከንድ ገደማ መዘግየት አለበት። “አንድ ቦታ” የምትለዋ ናት ቁልፏ። በፋይ ቺፑ ውስጥ፣ ወይም በፕሮሰሰሩ ውስጥ፣ ወይም ቦርዱ ላይ። የትም ካልዘገየ ናሙናው ጠርዝ ላይ ይወድቃል። ሁለት ቦታ ከዘገየ 2 እና 2 ተደምሮ 4 ይሆናል፤ ቀጣዩ ጠርዝ ላይ ይወድቃል። በ100 ፍጥነት ግን ክሎኩ 25 ሜጋኸርዝ፣ ዑደቱ 40 ናኖሰከንድ ስለሆነ ስህተቱ ተሸፍኖ ያልፋል።

በሊኑክስ ዲቫይስ ትሪ (ሃርድዌሩን ለሊኑክስ በሚገልጸው ፋይል) ላይ “አርጂኤምአይአይ-አይዲ” ማለት ቦርዱ አያዘገይም፣ ቺፖቹ በሁለቱም አቅጣጫ ያዘግዩ ማለት ነው። እንዲሁ “አርጂኤምአይአይ” ካላችሁ መዘግየቱ በቦርዱ መስመር ተሠርቷል ማለት ነው፤ ለ2 ናኖሰከንድ 30 ሴንቲሜትር ያህል የተጠማዘዘ መስመር ያስፈልጋልና ቦርዱን አይታችሁ ማወቅ ትችላላችሁ። መላኪያውንና መቀበያውን ለየብቻ ፈትሹ። የስህተት ቆጣሪው በተቀባይ ወገን ብቻ ከጨመረ የአንዱን አቅጣጫ ብቻ ነው የምታስተካክሉት።

10. ክሎኩ ከዳታው ሲወጣ

ከጊጋቢት በላይ ባሉት ሲሪያል ሊንኮች ክሎክ የሚባል መስመር የለም። ተቀባዩ ከዳታው ሽግግሮች ክሎኩን በፒኤልኤል (የሚመጣውን ድግግሞሽ ተከታትሎ በሚይዝ ሰርኪዩት) ያወጣዋል። ታፕ መቁጠሩ ያበቃል፤ የእናንተ ሥራ ሦስት ነገር ይሆናል።

የማጣቀሻ ክሎኩ አንዱ ነው። ኢተርኔት በእያንዳንዱ ወገን 100 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 100) ልዩነት ይፈቅዳል፤ ሁለቱ ወገኖች በተቃራኒ ቢሄዱ 200 ነው። በ10.3125 ጊጋቢት ይህ በሰከንድ ከሁለት ሚሊዮን ቢት በላይ ልዩነት ነው፤ ተቀባዩ ይከተለዋል፣ ከወሰኑ ካለፈ ግን ይለቀዋል። ሌላው ኢኳላይዘሩ ሲሆን መስመሩ ያደበዘዛቸውን ጠርዞች መልሶ ይስላል። የመጨረሻው ልኬቱ ነው። ብዙ ቺፖች በውስጣቸው የዓይን ሥዕል (ብዙ ቢቶች ተደራርበው የሚታዩበት ሥዕል) የሚሠራ መሣሪያ አላቸው፤ ተጠቀሙበት፤ በዚህ ፍጥነት ከውጭ የሚገጠም ፕሮብ የሚያየው ኢኳላይዘሩ ከመሥራቱ በፊት ያለውን የተዘጋ ዓይን ብቻ ነው።

እዚህ አንዱ ቢት 97 ፒኮሰከንድ ነው። በዘፈቀደ የሚመጣው ጅተር 1.5 ፒኮሰከንድ አርኤምኤስ ቢሆን፣ ከትሪሊዮን ቢት አንድ ስህተት ለሚለው ደረጃ በ14 አባዙት፦ 21 ፒኮሰከንድ። የታወቀ ምክንያት ያለው ጅተር በዚህ ላይ ይደመራል። ለማረጋገጥ ፒአርቢኤስ31 ልካችሁ ያለ አንድ ስህተት 3 ትሪሊዮን ቢት ብታሳልፉ በ95 ከመቶ እርግጠኝነት ከዚያ ደረጃ በታች ናችሁ። ጊዜው 5 ደቂቃ ግድም ነው። ለ10 ሰከንድ አይቶ “ንጹሕ ነው” የሚል ሪፖርት አትቀበሉ።

11. ማሞቅ፣ ማቀዝቀዝ፣ መመዝገብ

ጠረጋውን በክፍል ሙቀት፣ ከዚያ በሙቅ፣ ከዚያ በቀዝቃዛ ድገሙ። ሙቀት መቆጣጠሪያ ሣጥን ከሌላችሁ የፀጉር ማድረቂያና የማቀዝቀዣ ስፕሬይ ለመጀመሪያ ምልክት ይበቃሉ። ቮልቴጁንም በተፈቀደው ወሰን ከፍና ዝቅ አድርጉት። የምትፈልጉት የሦስቱም መስኮቶች መደራረቢያ ነው። በክፍል ሙቀት ከ3 እስከ 13፣ በሙቅ ከ5 እስከ 15 ከሆነ የጋራው ከ5 እስከ 13 ነው፤ ለቋሚ ቁጥር መሃሉ 8 ሳይሆን 9 ይሆናል።

ቋሚ ቁጥር ግን አልወድም። ፈርምዌሩ በየቡቱ ጠርጎ ራሱ ይምረጥ፤ የላብራቶሪው ቁጥር ለማወዳደሪያ ይቀመጥ። ቀንና ሌሊት ሳይጠፋ የሚሠራ መሣሪያ ከሆነ ቡት ላይ መጥረግም አይበቃም። አንዱን የኤልቪዲኤስ ጥንድ በሁለት ማዘግያ አስገቡት፤ አንዱ ዳታውን ይያዝ፣ ሌላው ተቆጣጣሪ ሆኖ ጠርዞቹን እየዳሰሰ ይዙር። ሁለቱ የሚለያዩበትን ታፕ እያየ ዋናውን በአንድ ታፕ ያስጠጋዋል፤ ዳታው ሳይቋረጥ።

በየቡቱ ለእያንዳንዱ ሌን አራት ቁጥር ሎግ ውስጥ ይግባ፦ የግራ ጠርዝ፣ የቀኝ ጠርዝ፣ የተመረጠው ታፕ፣ የቺፑ ሙቀት። እኔ ስፋቱ ከ7 ታፕ በታች ሲወርድ ማስጠንቀቂያ እንዲጽፍ አድርጌዋለሁ። ያ የመጀመሪያ ቦርዴ ዛሬ ክዳኑ ተገጥሞ፣ ሞቆ፣ በ10 ላይ ቆሟል፤ ባለፈው ያየሁት ሎግ ለዚያ ሌን 5፣ 15 ይላል።